ለሌስሊ፣ ከራዲዮ ጠጋኙ

ፊትህን ያወቅሁት ሸክላ ልባስ ላይ ነው፤
ቅባት የጠጣ ጸጉር፣ እንደ ቁራ ክንፍ የሚያብለጨልጨው፤
የፊት ጥርስህ ፍንጭት፣
ከአንገትህ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት።
የጤና ኮሌጁ መምህር አገሩ ሊገባ ሻንጣውን ሲሸክፍ፣
«አጣናው፣ ይህ ይከብደኛል» ብሎ ሰጥቶኝ ሊያልፍ፤
ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ፤ ፒያሳ በጭቃ፣
ሱቄ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መበየጃ፣ ጣሳ ሙሉ የወላለቀ ዕቃ።

«ሮክ ማለት ምንድን ነው?» ስል አንድ ተማሪ ብጠይቅ፣
«ድንጋይ፤ ሮል ደግሞ መንከባለል» አለኝ፣ ከንፈሩ ሳይስቅ።
እኔ ሳቅሁ። በኖራና በድንጋይ በቆመ አገር፣
ድንጋይ የሚያቆም እንጂ የሚያንከባልል መች ስሙ ሲነገር!
አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ሲሞት መዳፉ አልዘረጋ ብሎ
እንደ ጨበጠ ቀበርነው፣ የሌለ መዶሻ አንጠልጥሎ።

መርፌውን ሳሳርፈው ግን ሱቁ ከመሠረቱ ተናጋ፤
ሊስትሮው ብሩሹን ይዞ ቀረ፣ የደንበኛው እግር እንደተዘረጋ፤
ከጎን ጠጅ ቤት አዝማሪው ጥሩነህ ማሲንቆ እንዳቀፈ ብቅ አለና፣
«ይህ ሰው ርቦት ነው ወይስ ወዶ?» አለኝ፣ ሰምቶ ቆየና።
መልሱን አላውቀው ነበር።
ዛሬም አላውቀው።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜህን በዕቃ ቆጠርሁት።
ሸክላህ ቢጫጫር ካሴት ሆነህ መጣህ፤ ክርህ ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ ፈታሁህ፤
በሰዓት እላፊው ዘመን፣ መስኮት ደፍኜ፣ ጋቢ ውስጥ፣ በትንፋሽ ልክ ሰማሁህ።
ያን ጊዜ ጸጉርህ ትከሻህ ላይ ነበር። ሲዲ ስትሆን መላጣ።
«ሦስት ሚስት ፈታ» አሉ፤ «ቤቱን በዕዳ አጣ»፤
ያ ሁሉ ስም የነበረህ ሰው፣ አስጎብኚው ልጅ እንዳወጋኝ፣
በመርከብ ላይ ለጡረተኞች ዘፈንክ። (ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝ።)
የጻፍከውን አንድ ለጋ ልጅ ዘፍኖት ብሩን አፈሰ፤
አንተ ግን እንደገና ጻፍክ። እጅህ ከክሩ አልተመለሰ።

እኔስ ብትል፣ ፊሊፕስ ጠገንሁ፣ ናሽናል ጠገንሁ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ሞባይል፤
ዓለም ሲንከባለል እኔ አንድ ወንበር ላይ፤ እሱም ወንበር አልፎ አልፎ ሲያዘነብል።

አምና፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣
ከሱቄ ደፍ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቆመ፤ ከዘራ በእጁ፣ የልጅ ልጁ በስተግራው በኩል ደግፋው በትዕግሥት።
ልጅቷ መዳፏን ከፈተች፤ ባቄላ የምታህል የጆሮ መስሚያ፤
«ግንቡን ስንጎበኝ ጀምራ ታፏጫለች፤ አለ ወይ ማስተካከያ?»
ቀና ስል፣ ፍንጭቱ። ምስሯም፣ በተጨማደደ አንገት።
አንተ ነህ።
ልቤ እንደ ላላ ሽቦ ዘለለ፤ አፌን ግን ያዝሁት።

ከፈትኋት። ኩክና ላብ ደፍኗት ኖሯል፤ ጠረግሁ፣ በየድሁ፤
ስንት ዘመን ያልከዳኝን እጄን ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
ጆሮህ ላይ ሰካኋትና፣ «ይሰማል?» ከማለት ሸክላውን አሽከረከርሁ።

ተንተከተከ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ጉሮሮውን ለቀቀ፤
የአንተ ጣት ከዘራውን ጨብጦ አጠበቀ።
በደጅ ባጃጅ ያልፋል። ጥሩነህ ከሞተ ቆየ፤
ዓይንህን ጨፍነህ፣ ጣትህ የከዘራውን እንጨት እንደ ክር አንድ በአንድ ለየ።

መርፌው ሲነሳ፣ ስምህን እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።
ለልጅቷ በሹክሹክታ አንድ ነገር አልክ፤ ሳቀች፤
የኔን ስብርባሪ እንግሊዝኛ አይታ፣ ቀስ ብላ ደገመች፤
«ሦስተኛው ክር ወርዷል ይላል። ያኔም ነግሬያቸው ነበር፤ አልሰሙኝም።»

ከፈልክ። መልስህን አልተቀበልክም።
በግንቡ ጥላ ሥር ዳገቱን ስትወጣ አየሁህ፣ በየአሥር እርምጃው ቆመህ፣
ደግሞ ስትቀጥል።
መብራት ሳይጠፋ ልድረስ ብዬ ሸክላውን መለስሁት፤
ሃምሳ ምናምን ዓመት በፍቅር የሰማሁትን
አሁን በጥርጣሬ ሰማሁት።
እውነትህን ነው።
ትንሽ ወርዷል።